ለማን ነው የምንመሰክረው? ከአናንድ ፓትዋርዳን ካሜራ የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ሴሚስተር የመጨረሻውን ፈተና በጨረስንበት ምሽት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ዶርማችን ውስጥ አራት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን ተቀምጠን ነበር። አንዱ ወንድማችን በፍላሽ ፊልም ይዞ መጥቷል። «የሕንድ ነው» ሲለን ሁላችንም ሳቅን፤ የሕንድ ፊልም ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፊልሙ ግን እኛ የጠበቅነው ዓይነት አልነበረም። ስለ አንድ መስጂድ ነበር። ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጠው ፊልም ሲያልቅ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዱ፣ «ይህን የሠራው ሰው ሙስሊም ነው?» ብሎ ጠየቀ።

አይደለም። ሰውየው አናንድ ፓትዋርዳን ይባላል። በሂንዱ ቤተሰብ ውስጥ የተወለደ፣ ሕይወቱን ሙሉ ፖለቲካዊ ዘጋቢ ፊልሞችን ሲሠራ የኖረ ሕንዳዊ ነው። የወንድማችን ጥያቄ ግን ከዚያ ምሽት በኋላ አልለቀቀኝም። የመስጂዳችንን ታሪክ ለዓለም የመሰከረልን ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከሆነ፣ እኛስ የማንን ታሪክ መስክረናል? የራሳችንንስ ቢሆን መዝግበናል ወይ? ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። (የሕንድን ጉዳይ በሚመለከት የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ማን ነው?

አናንድ ፓትዋርዳን በ1950 ቦምቤይ ከተማ ተወለደ። እንግሊዝ ሕንድን በምትገዛበት ዘመን ለነፃነት ከታገሉት ሰዎች መካከል የእርሱ ቤተሰብ አባላት ይገኙበታል። በከተማው ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማረ፤ ከዚያ በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ሄዶ ሶሲዮሎጂ አጠና። ጊዜው የቬትናም ጦርነት የሚካሄድበት ነበር፤ እርሱም እንደ እኛ የግቢ ተማሪ ሆኖ በፀረ ጦርነት ሰልፎች ተሳተፈ። በካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞች ለመብታቸው ሲታገሉም በበጎ ፈቃደኝነት አብሯቸው ሠርቷል።

ወደ አገሩ ሲመለስ በቢሃር ክፍለ አገር በ1974 ተማሪዎች በሙስናና በኑሮ ውድነት ላይ ተነሥተው አገኘ። የንቅናቄው ሰዎች ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ የሚያደርሰውን ጥቃት በምስል እንዲይዝላቸው ጠየቁት። የነበረው መሣሪያ ትንሽ የቤት ውስጥ ካሜራ ነበር። የቀረጹትን በሸራ ላይ እያሳዩ በተሻለ ካሜራ መልሰው በመቅረጽ «የአብዮት ማዕበሎች» የተባለውን የመጀመሪያ ፊልሙን ሠሩ። በ1975 መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጆ ተቃዋሚዎችን ማሰር ሲጀምር ፊልሙ በግልጽ የሚታይ አልሆነም። ቅጂው ተቆራርጦ በሰዎች እጅ በድብቅ ከአገር ወጣ፤ ካናዳ ከደረሰ በኋላ እንደገና ተቀጣጠለ። ቀጥሎ በ1978 ስለ ፖለቲካ እስረኞች ሠራ። በ1985 ደግሞ «ቦምቤይ ከተማችን» በሚለው ፊልሙ መጠለያቸው በላያቸው የሚፈርስባቸውን የከተማይቱን ድሆች አሳየ።

በዚህ በመጨረሻው ፊልም ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ ካየሁት ወዲህ ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ። ጎጆዋ የፈረሰባት አንዲት ሴት ወደ ካሜራው ዞራ ፊልም ሠሪውን ራሱን ትቆጣዋለች። የድሆችን ምስል እያነሳህ ለራስህ ስም ልታወጣ ነው ወይ፣ ለእኛ ምን ታደርግልናለህ በሚል ስሜት ትሞግተዋለች። ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ቆርጦ ይጥለው ነበር። እርሱ ግን ፊልሙ ውስጥ እንዳለ ተወው። ፊልሙ ካለቀ በኋላም ከተፈናቀሉት ሰዎች ጎን ቆሞ የረሃብ አድማ አድርጓል። ጥያቄዋ የገባው ይመስለኛል።

ስለ መስጂዱ የሠራው ፊልም

ዶርማችን ውስጥ ያየነው ፊልም «ራም ኬ ናም» ይባላል፤ «በራማ ስም» ማለት ነው። ታሪኩ የባብሪ መስጂድ ታሪክ ነው። መስጂዱ በሰሜን ሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ አገር፣ አዮዲያ በተባለች ከተማ በ1528 ገደማ በሙጋል መንግሥት ዘመን የተሠራ ነው። ከጊዜ በኋላ ቦታው ራማ የተባለው የሂንዱዎች አምላክ የተወለደበት ነው የሚል ክርክር ተነሣ። በዲሴምበር 1949 አንድ ሌሊት ሰዎች ሰብረው ገብተው በመስጂዱ ውስጥ ጣዖታትን አስቀመጡ። ከአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይቀር ይውጣ የሚል ግፊት ቢመጣም የአውራጃው አስተዳዳሪ ጣዖታቱን አላስወጣም አለ። ሙስሊሞች ከዚያ በኋላ በመስጂዳቸው አልሰገዱም፤ በሩ ተቆለፈ። ያ አስተዳዳሪ በኋላ ከሂንዱ ብሔርተኞች ፓርቲ ጋር ሆኖ ፓርላማ ገባ።

ፓትዋርዳን ካሜራውን ይዞ የተነሣው በ1990 ነው። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ወር የቢጄፒ ፓርቲ መሪ ላል ክሪሽና አድቫኒ የጥንት ሠረገላ መስሎ በተሠራ ቶዮታ መኪና ላይ ተቀምጦ፣ ከምዕራብ ሕንድ ሶምናት ተነሥቶ ወደ አዮዲያ ጉዞ ጀመረ። ዓላማው በመስጂዱ ቦታ ቤተ መቅደስ እንዲሠራ ሕዝብ ማነሣሣት ነበር። ባለፈባቸው ብዙ ቦታዎች ደም ፈሰሰ። ቢሃር ላይ የክፍለ አገሩ መንግሥት አሰረው፤ ደጋፊዎቹ ግን ጉዟቸውን ቀጥለው በኦክቶበር 30 መስጂዱን አጠቁ። በ1984 ምርጫ በፓርላማ 2 መቀመጫ ብቻ ያገኘው ይህ ፓርቲ በ1991 ምርጫ 120 መቀመጫ ማግኘቱን ስናይ፣ ሠረገላው ወዴት ይሄድ እንደነበር ለመገመት አይከብድም።

ፊልሙ ውስጥ ፓትዋርዳን የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፤ ይጠይቃል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ወደ አዮዲያ የሚጓዙትን ወጣቶች ራማ በስንተኛው ክፍለ ዘመን ተወለደ ብሎ ይጠይቃቸዋል። የተወለደበትን ትክክለኛ ቦታ በርግጠኝነት እናውቃለን የሚሉት ወጣቶች የተወለደበትን ዘመን መናገር ያቅታቸዋል። ጣዖታቱን በ1949 ካስገቡት አንዱ እኔ ነኝ የሚል የሃይማኖት ሰው በኩራት ሲናገር ይሰማል። በየመንገዱ ያሉ ድሃ ገበሬዎችና ዝቅ ተደርገው የሚታዩ የካስት አባላት ደግሞ ይህ ነገር እንደማይጠቅማቸው፣ ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር በሰላም እንደኖሩ ይናገራሉ። ፊልም ሠሪው ማንንም አይሰድብም። ሰዎቹ ራሳቸው በራሳቸው ላይ ይመሰክራሉ።

በፊልሙ ውስጥ ከሁሉም በላይ የነካኝ ሰው ግን ፑጃሪ ላልዳስ ነው። ይህ ሰው በዚያ አወዛጋቢ ቦታ ላይ ፍርድ ቤት የሾመው ዋና የሂንዱ ካህን ነበር። የቤተ መቅደሱ ጉዳይ ከማንም ይልቅ የሚመለከተው እርሱን ነበር ማለት ነው። ሆኖም ካሜራ ፊት ቆሞ፣ ይህ ሁሉ ዘመቻ ለገንዘብና ለሥልጣን የተዘረጋ የፖለቲካ ጨዋታ እንጂ ሃይማኖት እንዳልሆነ ተናገረ። በአዮዲያ ሂንዱና ሙስሊም እንዴት አብረው ይኖሩ እንደነበርም መሰከረ። ጥበቃ ያስፈልገው እንደነበር በፊልሙ ይታያል። በ1992 ከሥልጣኑ ተነሣ። በኖቬምበር 1993 ተገደለ።

በዲሴምበር 6, 1992 ባብሪ መስጂድ በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች እጅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በተነሣው ሁከት በመላው ሕንድ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1949ኙም ድርጊት ሆነ የ1992ቱ ማፍረስ ሕገ ወጥ እንደነበር ገልጾ፣ ቦታው ግን ለቤተ መቅደስ እንዲሰጥ ወሰነ። ለሙስሊሞች በሌላ ቦታ 5 ኤከር መሬት እንዲሰጣቸው አዘዘ። በማግሥቱ ዓመት በማፍረሱ ተጠርጥረው ከተከሰሱት ሰዎች በሕይወት የነበሩት 32ቱም በነፃ ተለቀቁ። በጃንዋሪ 2024 ቤተ መቅደሱ ተመረቀ።

ሁለት ፍርድ ቤቶች፣ ሁለት ቴሌቪዥኖች

አሁን ወደ አንድ ነገር ልመለስ፤ እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ከእነርሱ ታሪክ ጋር ይገናኛል።

«ራም ኬ ናም» በ1992 የአገሪቱን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት አግኝቷል። የመንግሥት ቴሌቪዥኑ ግን አላሳየውም፤ ሕዝብን ይከፋፍላል በሚል ፍራቻ። ፓትዋርዳን ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊልሙ በመንግሥት ቴሌቪዥን እንዲታይ አዘዘ፤ ታየም። ይህ ለእርሱ የመጀመሪያው ክርክር አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም። ሕንድና ፓኪስታን በ1998 ኑክሊየር ቦምብ ከሞከሩ በኋላ የሠራውን «ጦርነትና ሰላም» የተባለ ፊልም ሳንሱር ቆርጠህ አሳይ ሲለው አልቆርጥም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤትም በ2003 ሳይቆረጥ እንዲታይ ፈቀደለት። ሌላ ፊልሙ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2006 ተፈርዶለታል። ይህ ሰው ግማሽ ዕድሜውን ፊልም በመሥራት፣ ግማሹን ደግሞ የሠራው ፊልም እንዲታይ በመከራከር አሳልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኛስ? በአገራችን የሙስሊሞች ታሪክ ውስጥ ስሙን ሁላችንም የምናውቀው አንድ ዶክመንተሪ አለ። ከአወሊያ የተነሣው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው ሰላማዊ እንቅስቃሴ በተጧጧፈበት ወቅት፣ በሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ታሰሩ። በጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ተላለፈ። ፊልሙ ገና ፍርድ ያላገኙ እስረኞችን በእስር ላይ ሳሉ ቀርጾ አቀረበ፤ የመብት ጥያቄያቸውንም በሌላ አገር ካሉ ታጣቂ ቡድኖች ጋር አያይዞ አሳየ። ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ አግዶት ነበር፤ ተላለፈ። ዛሬ ግቢ ውስጥ ያለን ብዙዎቻችን ያኔ ገና ልጆች ነበርን። የታላላቆቻችንን ፊት ግን እናስታውሳለን።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሕንድ ፍርድ ቤት «አሳዩ» ብሎ ያዘዘው ፊልም ነበር፤ በእኛ ደግሞ ፍርድ ቤት «አታሳዩ» ያለው ፊልም። ሁለቱም ካሜራ ነው፣ ሁለቱም ኤዲቲንግ ነው፣ ሁለቱም «ዶክመንተሪ» ይባላል። አንዱ ኃይል የሌለውን ሰው ለመናገር ዕድል ሰጠው። ሌላው በኃይለኛ እጅ ያለን፣ እምቢ ማለት የማይችልን እስረኛ አናገረ። አንዱ ሰዎቹን በመንገድ፣ በቤታቸው፣ በነፃነታቸው ጠየቃቸው። ሌላው ተጠያቂው መልስ መስጠት በማይችልበት ቦታ ፍርድ ሰጠ። እኔ ከዚህ የምረዳው ካሜራ በራሱ እውነትም ውሸትም እንዳልሆነ ነው። እንደ ምላስ ነው፤ በሐቅ ይመሰክርበታል፣ በዙልምም ይመሰክርበታል። በሐሰት መመስከር ከታላላቅ ወንጀሎች እንደሚቆጠር ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል።

አንዳንድ ወንድሞች በዚያ ፊልም ምክንያት ከዶክመንተሪ ጋር ተጣልተዋል፤ «ፊልም የጠላት መሣሪያ ነው» ይላሉ። ሕመማቸው ይገባኛል። መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም። በሐሰት የመሰከረብን ሰው ስላለ ምስክርነትን እንተወው ካልን፣ ሜዳውን ለሐሰተኛው ለቅቀን ወጣን ማለት ነው።

«ግን ሙስሊም አይደለም እኮ»

ጽሑፉን ከመላኬ በፊት ለአንድ የጀመዓችን ወንድም አስነበብኩት። «ለምን ከሙስሊም ታሪክ አንድ አርአያ አላመጣህም? ይህ ሰው ከናካቴው ሃይማኖተኛ አይደለም» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በትክክልም መመለስ አለበት።

ከአናንድ ፓትዋርዳን ዐቂዳ አንወስድም። ስለ ሃይማኖት ያለው አመለካከት የእኛ አይደለም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነት በፊት በመካ የተበደለን ለመርዳት የተደረገውን የሒልፈል ፉዱል ስምምነት በኋላም በበጎ እንዳነሱት እናውቃለን። ሰሓቦች በተሰደዱ ጊዜም ያመለከቷቸው በፍትሐዊነቱ የታወቀውን የሐበሻ ንጉሥ ነው፤ ነጃሺ ያኔ ገና አልሰለመም ነበር። ፍትሕን በሠራው ሰው እጅ ስናይ ማወቅና ማመስገን የዲናችን አካል ነው። በነጃሺ አገር ተወልደን ይህን ብንረሳ ያሳፍረናል።

ደግሞም ይህ ሰው የሚያስተምረን ከባዱ ትምህርት ያለው እዚሁ ላይ ነው። ፓትዋርዳን የመሰከረው በራሱ ወገን ላይ ነው። ከብዙኃኑ ተወልዶ፣ የብዙኃኑን ስህተት ለብዙኃኑ አሳየ። ለጥቂቶቹ ብሎ ግን አላደላም፤ በሌሎች ፊልሞቹ የየትኛውንም ሃይማኖት ወንዶች በሴቶች ላይ የሚያደርሱትን በደል፣ በፑንጃብ የሲክ ታጣቂዎችንም የመንግሥትንም ግፍ፣ ከድንበር ባሻገር የፓኪስታንንም የቦምብ ጭፈራ አሳይቷል። በሱረቱ ኒሳእ አላህ (ሱ.ወ) በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትሕ ቆመን እንድንመሰክር አዝዞናል። በሱረቱል ማኢዳህ ደግሞ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተወን አስጠንቅቆናል። እነዚህን አንቀጾች በኹጥባ ስንት ጊዜ ሰምተናል? አንቀጾቹን የማያነብ ሰው ትርጉማቸውን በሥራ ሲያሳየን፣ እኛ የምናነበው ሰዎች ምን ሠራን ብለን መጠየቅ አለብን።

«ታዲያ መስጂዱ አልፈረሰም ወይ?»

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ የሚከብድ ነው። ፊልሙ ከመስጂዱ መፍረስ በፊት ተሠርቶ ነበር። አስጠነቀቀ፤ የሰማው የለም። መስጂዱ ፈረሰ፣ ላልዳስ ተገደለ፣ የፊልሙ ዋና ተዋናይ የሆነው ፖለቲከኛ ደግሞ የአገሪቱ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ታዲያ ፊልሙ ምን ጠቀመ?

እኔ እንዲህ እላለሁ። እኛ በጥረታችን እንጂ በውጤቱ አንጠየቅም፤ ውጤቱ በአላህ እጅ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ግን በዓይን የሚታይ ጥቅም አለ። ዛሬ በአዮዲያ የቆመውን ሕንፃ ብቻ የሚያይ ልጅ እዚያ መስጂድ እንደነበረ ላያውቅ ይችላል። ያንን ፊልም የሚያይ ልጅ ግን ማን እንደጀመረው፣ እንዴት እንደተሠራ፣ ከሂንዱ ካህናት መካከል እንኳ በሕይወቱ ፈርዶ የተቃወመ እንደነበረ ያውቃል። ሕንፃ ይፈርሳል፤ በሐቅ የተያዘ ምስክርነት ግን በቀላሉ አይፈርስም። ማስረጃው ደግሞ እስከ ዛሬ የሚፈራ መሆኑ ነው። በ2019 በሃይደራባድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ፊልም ለማሳየት ሲሞክሩ ፖሊስ ግቢ ገብቶ አስቆማቸው፣ ተማሪዎችንም ወሰደ። ፊልሙ ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ ጥቅም የሌለው ፊልም ከሆነ ለምን ይፈራል?

ስለ ትዕግሥቱም ላንሳ። በጁላይ 1997 ቦምቤይ ውስጥ የዳሊቶች፣ ማለትም በካስት ሥርዓት ከሁሉ በታች የተደረጉ ሰዎች መንደር ውስጥ የመሪያቸው የአምቤድካር ሐውልት ተዋረደ። ነዋሪዎቹ ሲቃወሙ ፖሊስ ተኩሶ 10 ሰው ገደለ። ከቀናት በኋላ በፓትዋርዳን የቀድሞ ፊልም ላይ የዘፈነው ዳሊት ገጣሚ ቪላስ ጎግሬ በሐዘን ራሱን አጠፋ። ፓትዋርዳን ስለዚህ ፊልም መሥራት ጀመረ፤ የጨረሰው በ2011 ነው። አሥራ አራት ዓመት! እኛ ቪዲዮ ቀርጸን አሥራ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ቴሌግራም ላይ እንለቃለን፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ከምን ቀጥሎ እንደመጣ ሳናረጋግጥ። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝነው እኛው ነን።

እኛ ምን እናድርግ?

በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶች ሲቃጠሉ ያየነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስልካችን ላይ የደረሰው ጢስና ጩኸት ያለባቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ነበሩ። አለቀስንባቸው፣ አጋራናቸው፣ ከዚያ በሌላ ነገር ተዋጡ። የከተማው ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶች በዚያ ቀን ምን ተባባሉ? ማን ማንን አስጠለለ? በኋላ መስጂዶቹን ለመሥራት ከየሃይማኖቱ ሰው ሲያዋጣ ምን ይሰማው ነበር? ይህንን ጊዜ ወስዶ፣ ሰዎቹን አስቀምጦ፣ በሐቅ የጠየቀ ፊልም በእጃችን ቢኖር ለልጆቻችን የምናሳየው ነገር ይኖረን ነበር።

ሌላም ልጨምር። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እጅግ ብዙ ሙስሊሞች፣ ከእነርሱም ጋር ክርስቲያን ወገኖች፣ የሃይማኖት እኩልነትን ጠይቀው ሰልፍ ወጡ። ዛሬ ዒድን ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ተዘግቶ የምናከብረው ከዚያ በኋላ በመጣው ለውጥ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ ሰባን አልፏል። በየሳምንቱ አንድ አባት፣ አንዲት እናት ወደ አኺራ ይሄዳሉ። ይዘውት የሚሄዱት ታሪክ አይመለስም።

ስለዚህ ለጀመዓችን ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ትልቅ ካሜራ፣ ስቱዲዮ፣ በጀት አያስፈልግም፤ ፓትዋርዳንም የጀመረው በትንሽ ካሜራ ነው።

አንደኛ፣ በሚመጣው እረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ሽማግሌ እንቅረጽ። ወሎ ያለው በወሎ፣ ጅማ ያለው በጅማ፣ ሐረር፣ ባሌ፣ ጎጃም፣ ስልጤ ያለውም በየአገሩ። ከአያቶቻችን እንጀምር። ስም፣ ቦታ፣ ቀን እንመዝግብ። ቀስ ብለን እንጠይቅ፤ መልሱን በአፋቸው አናስቀምጥላቸው።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ እንጠይቅ። የምንቀርጸው ሰው ለምን እንደምንቀርጸው ይወቅ፤ አይታይ ያለው አይታይ። የሰው ቃል አማና ነው። ያቺ የቦምቤይ ሴት የጠየቀችውን ጥያቄ ለራሳችን እንጠይቅ፤ ይህን የማደርገው ለእርሳቸው ነው ወይስ ለሰብስክራይበር? ኒያችንን እናስተካክል።

ሦስተኛ፣ ዋናውን ቅጂ እናስቀምጥ። ጀመዓው አንድ ሃርድ ዲስክ ይኑረው፤ ሳይቆረጥ፣ ሳይቀነባበር የተቀረጸው ሁሉ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ዛሬ ተራ የመሰለን ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቃለ መጠይቅ ያስተምሩን፤ የሕግ ተማሪዎች ስለ ፈቃድና ስለ ስም ማጥፋት ይንገሩን፤ የሶፍትዌር ተማሪዎች ክምችቱን ያደራጁልን። ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ አለ።

አራተኛ፣ በሌላውም ላይ የደረሰውን በደል እንመዝግብ። ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው ሲፈናቀል ካሜራችን ከረጢት ውስጥ የሚቀር ከሆነ ምስክሮች አይደለንም፤ የራሳችን ጠበቆች ብቻ ነን። ላልዳስ ለእኛ መስጂድ ሞቷል።

አምስተኛው በጣም የሚከብደው ነው፤ የራሳችንንም ጉድለት እናሳይ። እህቶቻችን በየመስጂዱ ስለሚሰጣቸው ቦታ፣ በጀመዓዎች መካከል ስላለው መናቆር፣ ስማችን ሳይነካ እንዲቀር ብለን ስለምንሸፍነው ነገር። ይህን ስንነካ የሚቆጣን ከውጭ አይመጣም፤ ከጎናችን የሚሰግደው ነው። ፓትዋርዳን ዕድሜውን ሙሉ የተቆጡት የገዛ ወገኖቹ ነበሩ። በ2015 በአገሩ ጥላቻ በበዛ ጊዜ፣ የፊልም ተቋም ተማሪዎችም አድማ ላይ ሳሉ፣ የተሰጠውን ብሔራዊ ሽልማት ለመንግሥት መልሷል። በዚያው ዓመት ሙሐመድ አኽላቅ የተባለ ሙስሊም አባት የላም ሥጋ አለው ተብሎ በወሬ ብቻ በመንደሩ ሰዎች ተደብድቦ ተገደለ። ፓትዋርዳን ያንንም በ2018 ባወጣው ረጅም ፊልሙ መዘገበ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከሰባ ዓመት ብዙ አይርቅም ነበር።

ወንድማችን ያን ምሽት «ይህን የሠራው ሰው ሙስሊም ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። አንድ ቀን በሌላ አገር፣ በሌላ ግቢ፣ በሌላ ዶርም የተቀመጡ፣ እምነታቸው ከእኛ የተለየ ተማሪዎች ስለ እነርሱ በደል የተሠራ ፊልም አይተው ሲጨርሱ፣ «ይህን የሠራው ሰው የእኛ ሰው ነው?» ብለው ቢጠያየቁ፣ ከመካከላቸው አንዱም «አይደለም፣ ሐበሻ ነው፣ ሙስሊም ነው» ቢል ምኞቴ ነው። ያን ጊዜ ስለ ኢስላም ፍትሕ ብዙ ንግግር ማድረግ አይኖርብንም።

ለዚህ ሐሳብ ፈቃደኛ የሆናችሁ እህቶችና ወንድሞች ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የጀመዓውን የሚዲያ ክፍል አነጋግሩ። ስልክ ያለው ሁሉ ይበቃል።

አላህ (ሱ.ወ) በሐቅ ከሚመሰክሩት ያድርገን፤ ምላሳችንንም ካሜራችንንም ከሐሰት ይጠብቅልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።